ዱጉማ አባዳማ የተባለ ተከራይ

ገዲሴ ሮብን ሮብ ብላ ጠርታ አታውቅም። «የማክሰኞ ማግስት» ነው የምትለው። ጾም ሲነሳ «ዓርብና የማክሰኞ ማግስት» ትላለች፤ ቀጠሮ ሲነሳም እንደዚያው። ከመንዝ የመጣችው ጎረቤቷ ተናኘ ምላሰኛ ሴት ናት፤ መጀመሪያ የሰማች ለት በሳቅ ልትፈርስ ደርሳ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ሮብ ምን በደለሽ?» እያለች ግቢውን ሁሉ ታስቅባታለች። ገዲሴ ፈገግ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የባሏ የዱጉማ አባት ሮበሌ ይባላሉ። በእነገዲሴ ወገን ደግሞ ምራት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስለውንም ቃል ዞር ብላ ታልፈዋለች። ይህን የሚቆጣጠራት ሰው የለም፤ ብታፈርሰውም የሚከሳት የለም። ነውሩን የምታውቀው እሷው ናት፣ ያ ደግሞ ይበቃል።

ታዲያ ምን ብላ ትጠራቸዋለች? አቶ ሮበሌ ለቡ ላይ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ በአገሩ ወግ ወንድ በፈረሱ ይጠራልና አባ ዳማ ተባሉ። ፈረሱ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ግን የቤት ሰው አልተወውም። ገዲሴም ከተዳረች ጀምሮ ለአማቷ ያላት ስም ይኸው ብቻ ነበር። ከዚህ የበለጠ ክብር ያለው ስምም አታውቅም።

ዱጉማ እርሻውን ትቶ ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሲቀጠር፣ ባልና ሚስቱ ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግቢ ከጓሮ ካሉት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ተከራዩ። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ሳጥን፣ ምድጃ፣ ከዚያ ወዲያ የሰው መዞሪያ። በስድሳ ሰባት ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ትልቁ ቤት ቀረላቸው፤ ሦስቱ የጓሮ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ኪራዩ በግማሽ ወረደ። ያን ለት የተከራይ ሰፈር እልል ብሏል፣ ሐሰት መናገር አያስፈልግም። ገዲሴም እልል ካሉት አንዷ ነበረች። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በተቆጡ ቁጥር «ዕቃችሁን አውጡ!» ይሉ ነበርና ከእንግዲህ ይህን የሚላት ሰው የለም ብላ ደስ አላት። አንድ ነገር ግን አላስተዋለችም። ሴትዮዋ ተቆጥተው ሲያድሩ ይረሱታል። ቀበሌ ግን አይቆጣም፤ አይረሳምም።

በዓመቱ የቤቶች ኮሚቴ ጸሐፊው ወጋየሁ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ተከራይ መመዝገብ ጀመረ። ወጋየሁ ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ ላይ ስለምትጠሉት ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል። የተጻፈን የሚያምን፣ ያልተጻፈን የማያውቅ ሰው ነው፤ በቃ። ገዲሴ ደጃፍ ሲደርስ ዱጉማ ሥራ ላይ ነበር።

«የተከራዩ ስም?»

«ዱጉማ።»

«የአባቱስ?»

ገዲሴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ሰውዬው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ሐሰት መናገር አልፈለገችም፤ እውነቱንም መጥራት አትችልም። በመካከል ያለውን፣ ለሷ ከሁለቱም የሚበልጠውን ሰጠችው።

«አባ ዳማ።»

ወጋየሁ አንድ ላይ ገጥሞ «አባዳማ» ብሎ ጻፈ። አላጠያየቃትም፤ ያን ቀን ገና ሰማንያ ቤት ይቀረዋል። ውሉ በሳምንቱ ማህተም ተመትቶበት መጣ። የቤት ቁጥር 312፣ ተከራይ አቶ ዱጉማ አባዳማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ መዝገብ የገባውማ ከአፋፍም ወዲያ ነው።

ዱጉማ ውሉን ሲያይ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። «አባባ ቢሰማ እንደገና ፈረስ ይገዛ ነበር» አለ። ከዚያም በሣቁ መካከል ሚስቱን አያት። የሱ አባት ስም በሌላ ሰው መዝገብ እንኳ እንዲዋረድ ያልፈለገች ሴት አገባሁ ብሎ ኩራት ተሰማው፣ ባይነግራትም ታወቃት። ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ቀበሌ ሄዷል። አንዴ ኮሚቴው ምልአተ ጉባኤ አልሞላም፤ አንዴ ማህተም ያዡ ሰልፍ ወጥቷል። «ደግሞስ ማን ያየዋል?» ብሎ ተወው። የፋብሪካ መታወቂያው ላይ ዱጉማ ሮበሌ፣ የኪራይ ደረሰኙ ላይ ዱጉማ አባዳማ ሆኖ በሰላም ኖረ።

ያቺ ክፍል ታፈሳለች። ከአልጋው በላይ ያለው አንዱ ቆርቆሮ ተበልቶ አልቋል። በቀበሌ ቤት ግን አንድ ሚስማር ያለ ፈቃድ አይመታም፤ ፈቃድ የሚሰጠውም ለባለ ውሉ ብቻ ነው። ዱጉማ አመለከተ። ፈቃዱ ሳይመጣ ስድሳ ዘጠኝ ላይ ሚሊሻ ተባለና ሚስቱንና ትንንሽ ልጆቹን ትቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የሄደ ለት የመጨረሻ ያደረገው ነገር አልጋውን ከሚያፈሰው ቦታ ገፋ አድርጎ ሳፋ ማስቀመጥ ነበር። ፈቃዱ በስምንት ወሩ መጣ፤ «ባለ ውሉ በአካል ቀርቦ ይፈርም» ይላል። ባለ ውሉ በረሃ ለበረሃ ጠመንጃ ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

በሰባ አንድ መስከረም ቀበሌ ጠርቷት ደብዳቤ አነበቡላት። ዱጉማ ሮበሌ በግዳጅ ላይ ሳሉ ተሰውተዋል። እንዴት እንዳለቀሰች መተረክ አያሻም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ መጨረሻ የለውም፤ የሚቀበር ነገር ስለሌለ ሰውዬው በየቀኑ እንደገና ይሞታል።

ከአርባው በኋላ ውሉን በስሟ ለማዛወር ሄደች። ደንቡ ግልጽ ነው። ባለ ውሉ ሲሞት በቤተሰብ ቅጽ ላይ ያሉ ሚስትና ልጆች በቤቱ ይቀጥላሉ፤ የዘማች ቤተሰብማ ቅድሚያ አለው። ወጋየሁ በአንድ እጁ ደብዳቤውን፣ በሌላው መዝገቡን ይዞ አንዱን ከአንዱ ሲያስተያይ ቆየ።

«የሞተው ዱጉማ ሮበሌ ነው» አለ። «ቤቱ የዱጉማ አባዳማ ነው።»

«አንድ ሰው ነው፣ ጓድ።»

«እንዴት ነው አንድ የሚሆነው? የባልሽ አባት ስም ማነው?»

«ደብዳቤው ላይ ያለው ነው።»

«እኮ ጥሪው!»

«አማቴ ናቸው። አልጠራቸውም።»

በክፍሉ የነበሩት ሳቁ። ሊቀመንበሩም ከወዲያ ወንበር «ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው፤ አብዮቱ ያስቀረው ነው» ብሎ አስረዳት። ገዲሴ አብዮቱ ለሷና ለአባ ዳማ ጉዳይ መቼ ጊዜ እንዳገኘ አልገባትም። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ። ተከራይ ዱጉማ አባዳማ ከዓመት በላይ አድራሻው ስለጠፋ ቤቱን እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ቤቱ ለአንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ታስቧል። ወይዘሮ ገዲሴ ደግሞ የዱጉማ ሮበሌ፣ የጀግናው ሚስት ስለሆኑ ቤት ለማግኘት ወረፋ ይመዝገቡ። እሷም በገዛ ቤቷ ተቀምጣ የቤት ወረፋ ጠባቂ ሆነች። ይግባኝ ብትል ፍርድ ሸንጎ ትቅረብ ተባለች፤ ሸንጎው ደግሞ ዓመት ሙሉ የተከመረ መዝገብ ነበረበት።

ጎረቤት ሁሉ ሊመሰክርላት ተነሳ። ግን ምን ብሎ? ሰፈሩ ዱጉማን በዱጉማነቱ እንጂ በአባቱ አያውቀውም። ከዚያ ሐሜቱ መጣ። ገዲሴ ሁለት ባል ነበራት፣ ሁለቱም ዱጉማ፣ አንዱ ዘመተ፣ አንዱ ጠፋ። የሚገርመው ይህን ያመኑ መኖራቸው ነው። የዱጉማ ያጎት ልጅ ኢታና ወሬውን ይዞ ለቡ ወረደ፤ ደርቦ ደራርቦም ለአማቷ ነገራቸው። «የዱጉማን ቤት በሌላ ሰው ስም አጽፋለች» አላቸው። ማን ተብሎ እንደተጻፈ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ገዲሴ ምስክር እንዲሆኗት ልትለምናቸው ልጆቿን ይዛ ለቡ ሄደች። በወጉ መሠረት ከአጥሩ ውጭ ተሸፋፍና ቆመች፤ ልጆቹን አስገቧቸው፣ ወተት ሰጧቸው። ለሷ የመጣላት ግን በኢታና በኩል አንድ ቃል ብቻ ነበር። «የልጄን ስም የጣለች ሴት የኔን ምስክርነት ምን ታደርገዋለች?»

ያን ጊዜ «አባ ዳማ ብዬ ነው ያስጻፍሁት» ብላ ብትልክ ነገሩ እዚያው አጥሩ ሥር ያልቅ ነበር። አላለችም። ተቀየመች። ስማቸውን ላለመጥራት ስትል ቤቷን ልታጣ የደረሰች ሴት፣ በሳቸው አፍ ባለ ሁለት ባል ስትሆን ምን ብላ ታስረዳ? ልጆቿን እየጎተተች የመጣችበትን መንገድ ወደ ነፋስ ስልክ ተመለሰች። የኔ አስተያየት ከተጠየቀ ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው። ግን ያልተቀየመ ሰው ነው ሊፈርድባት የሚችለው።

ክረምቱ ሲገባ ሳፋው በቀን ሦስቴ ይሞላ ነበር። ተናኘ መሠረተ ትምህርት እንድትገባ ጎትጉታ ወሰደቻት። ገዲሴ ፊደል ቶሎ ገባት። አንድ ቀን ከትምህርት ሲመለሱ ተናኘ መንገድ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንቺ፣ የተከለከለው አፍሽ ነው አይደል? እጅሽን ማን ከለከለው?»

ገዲሴ አሰበችበት። እውነትም ስለ እጅ የነገራት የለም፤ እናቷም አያቷም መጻፍ ስለማያውቁ ክልክሉ እጅ ላይ አልደረሰም ነበር። ያን ሰሞን ልጆቹ ሲተኙ በከሰል ምድር ላይ እየጻፈች ታጠፋለች። ሮ። በ። ሌ። ፊደሉን ስታጠፋው እንኳ በእግሯ ሳይሆን በመዳፏ ነበር።

ሸንጎው ለሰባ ሁለት ኅዳር ቀጠራት። የሚያስችለው ሮብ ሮብ ነው፣ እንደ ፈረደባት። አዳራሹ የቀድሞ እህል መጋዘን ነው። ዳኛው ጓድ ምትኩ ቀድሞ አናጢ የነበረ፣ ነገር የሚያዳምጥ ሰው ነው። በምስክርነት የተጠሩት አቶ ሮበሌም መጥተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው ከኋላ አግዳሚ ተቀምጠዋል። ገዲሴ ስትገባ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጆሮአቸው ስለደከመ ወጋየሁ መዝገቡን ሲያነበንብ ምንም አልሰሙም።

«ወይዘሮ ገዲሴ፣ የሟች ባለቤትሽን ስም ከነአባቱ ተናገሪ» አለ ጓድ ምትኩ።

«ጓድ ዳኛ፣ ልጻፈው?»

ዳኛው ፈገግ አለ። ወረቀትና እርሳስ ሰጧት። ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈች። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «ዱጉማ ሮበሌ ይላል። ጥሩ ነው» አለ፣ ወደ ወጋየሁም አሳየው።

ወጋየሁ ተነሳ። «ጓድ ዳኛ፣ ሰው አስጠንቷት ቅርጹን ገልብጣ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስም መጻፍ ማን ያቅተዋል? ደንቡ ቃል የሚሰጠው በአፍ ነው ይላል።» በክፋት አላለውም። እውነት ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

ጓድ ምትኩ ፊቱን በእጁ አሸት አደረገ። ወረቀቱን መለሰላት። «እህቴ፣ ጽፈሻል፤ እንግዲህ አንብቢው። ካላነበብሽ መዝገቡን መዝጋቴ ነው፣ ቤቱም ለቀበሌ ይመለሳል።»

ገዲሴ ወረቀቱን ያዘች። ከኋላዋ ያሉትን ዓይኖች በጀርባዋ ታውቃቸዋለች። ሳፋውን አሰበች። ዱጉማ አልጋውን የገፋበትን እጁን አሰበች። ያቺ ክፍል ከእጇ ከወጣች እሱ ከዚህ ዓለም የት ላይ ይቀራል? መቃብር የለው። ልጆቿን የት ታስተኛቸዋለች? ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።

ከኋላ የሆነውን ተናኘ ናት ኋላ የነገረቻት። አቶ ሮበሌ ወደ ተናኘ ዘንበል ብለው «ቤቱን ያጻፈችበት ሰውዬ ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁ። ተናኘም በጆሯቸው፣ «ሌላ ሰው ማን አለ አባቴ! አባ ዳማ ብላ ነው ያስጻፈችው። ስምዎን አልጠራም ብላ እኮ ነው ይህ ሁሉ!» አለቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ለመነሳት ታገሉ። «ተይ! ተዉአት! እኔ እናገራለሁ!» ለማለት ነበር። ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ እስኪቆሙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ገዲሴ የሰማችው ዱላው ሲንኳኳ ብቻ ነው። ተቆጥተው የሚወጡ መሰላት። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሮበሌ» አለች ጮክ ብላ። «ዱጉማ ሮበሌ።»

ለሌላው ሰው ተራ ስም ነው። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአፏ ሳይገባ የኖረውን ስም በአደባባይ፣ በባለቤቱ ፊት ጠራችው። ቆይታ ዓይኗን ስትገልጥ ሽማግሌው መጥተው ከጎኗ ቆመዋል።

«እኔ ሮበሌ ነኝ» አሉ ወደ ዳኛው። «ዱጉማ ልጄ ነው። አባ ዳማም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው የለም።»

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። የቤት ቁጥር 312 ውል ወደ ወይዘሮ ገዲሴ እንዲዛወር ተፈረደ። ወጋየሁ እዚያው መዝገቡን ዘረጋ፣ ቀይ እስክሪብቶና ማስመሪያ አወጣ። «አባዳማ» የሚለውን ሊሰርዝ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ተወው ልጄ፣ አትሰርዘው። እሱም እኔ ነኝ።»

«አባቴ፣ ለአንድ ቤት ሁለት ስም አይሄድም» አለ ወጋየሁ። እጃቸውን በትሕትና ከእጁ ላይ አነሳና ማስመሪያውን አስተካክሎ ሰረዘው። ከላዩ «ሮበሌ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ለገዲሴ አንድ ነገር አስታወሳት፤ የጣራው ፈቃድ የተሰጠው ለዱጉማ አባዳማ ስለነበር ከሱ ጋር አብሮ ተሰርዟል፣ እንደ አዲስ ታመልክት።

ውጭ ስትወጣ ተናኘ ልታቅፋት መጣች፤ ገዲሴ ግን ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ታለቅስ ነበር። ደስ አላላትም። አፈረች። ቤት አግኝቶ እንደዚያ ያፈረ ሰው አልታየም። ከባሏ የቀረላት ቤቱና አማቷ ነበሩ፤ አንዱን ለማዳን አንዱን የሸጠች መስሎ ተሰማት።

አቶ ሮበሌ ዱላቸውን እየጎተቱ መጡ። ፊት ለፊት አልቆሙም፤ በወጉ ጎን ለጎን ሆነው ወደ መንገዱ እያዩ በኦሮምኛ ተናገሩ።

«ኢታና ሌላ ሰው አለኝ። ማን ብዬ አልጠየቅሁም። ሽማግሌ ሆኜ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛ።»

እሷ ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም።

«ልጄ ከሞተ ወዲህ ስሜ ከስሙ ጋር ሲጠራ ዛሬ ገና ሰማሁ። ከሌላ አፍ ባለመሆኑ ደስ አለኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚ። ካሁን ወዲያ ስሜን ጥሪ። እኔ ባለቤቱ ፈቅጄልሻለሁ። ነውር የለበትም። ሮብንም ሮብ በይው፣ ሰው አይሳቅብሽ።»

መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም ቆሙ። ገዲሴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ አባ ዳማ።»